ሩፕኩንድ፦ የአንድ ሐይቅ ሙታን፣ የሺህ ዓመት ልዩነት

በሰሜን ህንድ ኡታራካንድ በሚባለው ግዛት፣ ትሪሹል ከተሰኘው ባለ 7,120 ሜትር ተራራ ሥር፣ ሩፕኩንድ የምትባል ትንሽ ሐይቅ አለች። ትንሽ ስላችሁ በእውነት ትንሽ ናት፤ ከዳር እስከ ዳር 40 ሜትር ገደማ ብትሆን ነው። ከፍታዋ ግን ከባሕር ጠለል በላይ ከ5,000 ሜትር ያልፋል። ራስ ደጀን አናት ላይ ወጥታችሁ ብትቆሙ እንኳ እሷ ያለችበት ለመድረስ ገና ወደ ግማሽ ኪሎ ሜትር ሽቅብ ይቀራችኋል። አጠገቧ መንደር የለም፣ ታላላቆቹ የንግድ መንገዶችም አያልፉባትም፤ ከሥር ካሉት መንደሮች ተነስቶ እሷ ጋ ለመድረስ የቀናት የእግር መንገድ ነው። የዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ በረዶ ተጭኗት ትከርማለች።

በረዶው ቀልጦ ውሃው በሚታይባቸው ጥቂት ሳምንታት ግን ዳርቻዋም ወለሏም የሰው አጥንት ነው። የራስ ቅል፣ የጭን አጥንት፣ ጎድን፣ አከርካሪ፣ ሁሉም ከድንጋዩ ጋር ተቀላቅሎ ተበትኗል። ቅዝቃዜው አንዳንዱ ላይ ሥጋና ፀጉር ሳይቀር ጠብቆ አቆይቷል። የስንት ሰው አጥንት እንደሆነ የገመቱ ሰዎች ከ300 እስከ 800 ይላሉ። ያን ያህል ሰው ወደዚያ ምን ወሰደው? ምንስ ገደለው? ይህን ጥያቄ ለመመለስ ለአሥርት ዓመታት የተደረገው ፍለጋ እኔ ከማውቃቸው የሳይንስ ታሪኮች ሁሉ አብልጬ የምወደው ነው። መልሱ ተገኘ ተብሎ ከተዘጋ በኋላ፣ ማንም ባልጠረጠረው በኩል እንደገና ተከፍቷልና።

አጥንቶቹን ለዓለም ያሳወቀው ሃሪ ኪሻን ማድዋል የተባለ የደን ጠባቂ ነው፤ ጊዜው እ.ኤ.አ. 1942። ዓመቱን ልብ በሉት። የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ተፋፍሟል፣ ጃፓን በርማን ይዛ ህንድ ደጃፍ ላይ ደርሳለች። ስለዚህ መጀመሪያ የተወራው በተራራ ሾልከው ሊገቡ ሲሉ ብርድ የፈጃቸው የጃፓን ወታደሮች ናቸው ተብሎ ነበር። አጥንቶቹ ቀረብ ተብለው ሲታዩ ግን የቅርብ ጊዜ እንዳልሆኑ ታወቀ።

ከዚያ ግምቱ ወደ ኋላ ሄደ። አንዳንዱ እ.ኤ.አ. በ1841 ቲቤትን የወረረው የጄኔራል ዞራዋር ሲንግ ጦር ትራፊ ነው አለ። ሌላው በ14ኛው ክፍለ ዘመን የዴልሂው ሱልጣን ሙሐመድ ቱግሉክ ወደ ሂማላያ ልኮት ያለቀውን ሠራዊት አነሳ። ወረርሽኝ ነው ያለም ነበር። የጦርነቱን ሐሳብ የሚያፈርሰው ነገር ግን እዚያው ሐይቁ ዳር ተኝቷል፤ ከአጥንቶቹ መካከል የሴቶች አሉበት፣ አንድ ሁለት ሳይሆኑ ብዙ። አብረው የተገኙት ዕቃዎችም የቆዳ ጫማ፣ እንጨት፣ ቀርከሃ፣ ቀለበት የመሳሰሉት ናቸው። ይህ የዘማች ሳይሆን የመንገደኛ ዕቃ ነው።

የአካባቢው ሰዎች ግን ከድሮ ጀምሮ የራሳቸው መልስ አላቸው። በዚያ አገር ናንዳ ዴቪ የምትባል እንስት አምላክ ትመለካለች። ራጅ ጃት የሚባል ታላቅ ጉዞ በየ12 ዓመቱ ይደረግላታል፤ አራት ቀንድ ያለው በግ ከፊት ይቀድማል፣ ሕዝቡ ተከትሎ ለሳምንታት ተራራውን ይወጣል፣ መንገዱም በሩፕኩንድ በኩል ያልፋል። በአፈ ታሪኩ መሠረት ጃስዳዋል የተባለ የካናውጅ ንጉሥ ነፍሰ ጡር ሚስቱን፣ አጃቢዎቹንና ጨፋሪዎቹን አስከትሎ ወደዚህ ጉዞ ወጣ። በተቀደሰው ተራራ ላይ አስጨፈረ፣ አስዘፈነ። ናንዳ ዴቪ ተቆጣች፤ እንደ ብረት የጠጠረ በረዶ ከሰማይ አውርዳ ሁሉንም ፈጀቻቸው።

ይህን በልባችሁ ያዙልኝ፣ ምክንያቱም እ.ኤ.አ. በ2004 ናሽናል ጂኦግራፊክ የደገፈው አንድ የተመራማሪዎች ቡድን ወጥቶ ያየው ነገር ከዚሁ ጋር የሚገጥም ነበር። ከፑኔው ዴካን ኮሌጅ የመጡት የአጥንት ባለሙያ ሱባሽ ዋሊምቤና ባልደረቦቻቸው አንዳንዶቹን የራስ ቅሎች ሲመረምሩ አናታቸው ላይ የተሰነጠቀና የጎደጎደ ጉዳት አገኙ። የሰይፍ ቁስል ቢሆን አጥንቱን ስል ሆኖ ይቆርጠዋል፣ ጦርም ቢሆን ይበሳዋል። ይህኛው ግን ክብ የሆነ ደንዳና ነገር ከላይ ወደ ታች ሲመታ የሚተወው ዓይነት ነው። የስንጥቁ ጠርዝ ምንም የመዳን ምልክት የለውም። አጥንት ከተሰበረ በኋላ ሰውየው ጥቂት ሳምንታት ቢቆይ ኖሮ ጠርዙ መለስለስና አዲስ አጥንት ማብቀል ይጀምር ነበር፤ እነዚህ ሰዎች ያን ያህል አልቆዩም። ናዳ ወርዶባቸው ቢሆን ደግሞ ክንድና እግራቸውም ይሰባበር ነበር፤ ጉዳቱ ግን ራስና ትከሻ ላይ ነው። ስለዚህ ተመራማሪዎቹ ትልልቅ በረዶ ከሰማይ ወርዶባቸዋል አሉ። ቦታው እንደ ጎድጓዳ ሳህን ነው፣ ዛፍ የለም፣ ዋሻ የለም፤ መጠለያ የሚባል ነገር የለም። ኦክስፎርድ ላይ የተለካው የአጥንቶቹ ዕድሜም እ.ኤ.አ. 850 ገደማ፣ ሠላሳ ዓመት ወደዚህ ወይም ወደዚያ ቢል ነው፣ የሚል ውጤት ሰጠ።

እንዴት ያለ ግሩም መልስ ነው! አንድ ቀን፣ አንድ ማዕበል፣ ሲወርድ ሲዋረድ በመጣ ተረት ውስጥ የተጠበቀ እውነት። ዘጋቢ ፊልም ተሠራበት፣ መጽሔቶች ጻፉት፣ ለብዙ ዓመታት የሩፕኩንድ ታሪክ ማለት ይኸው ሆነ። እኔም ብሆን ስሰማው የማምነው ታሪክ ነው። ነገር ግን ከሥሩ ማንም ያልፈተነው አንድ ግምት ተቀምጧል፤ አጥንቶቹ አንድ ቦታ ስለተገኙ ሰዎቹም በአንድ ጊዜ ሞቱ የሚል። የተመረመሩት የራስ ቅሎችና ዕድሜያቸው የተለካው አጥንቶች ከመቶዎቹ ጥቂቶቹ ናቸው። በአንድ ደብር ግቢ የተቀበሩ ሁሉ በአንድ ቀን እንዳልሞቱ ለእኛ ማንም አይነግረንም። ሩፕኩንድ ላይ ግን ቦታው ከሰው የራቀ ስለሆነ፣ ሁለተኛ ጊዜ ያን የመሰለ ሕዝብ እዚያ ይገኛል ብሎ ማሰብ ለማንም አልሆነለትም።

ግምቱን የፈተነው ዲኤንኤ ነው። ሰው ሲሞት በአጥንቱ ውስጥ ያለው ዲኤንኤ እየተሰባበረ ይሄዳል፤ ሙቀትና እርጥበት ያፋጥኑታል፣ ብርድ ያዘገየዋል። የእኛው አገር ትልቅ ምሳሌ አለው። በጋሞ ደጋ፣ ቀዝቃዛ በሆነው ሞታ ዋሻ የተገኘው የ4,500 ዓመት ሰው እ.ኤ.አ. በ2015 በሳይንስ መጽሔት ላይ ሲወጣ ከአፍሪካ ሙሉ ጂኖሙ የተነበበለት የመጀመሪያው ጥንታዊ ሰው ሆኗል። ደጋው ባይሆን ኖሮ ያ ሁሉ ባልተረፈ ነበር። ሩፕኩንድ ደግሞ ከዚያ እጅግ የከፋ ብርድ ነው። ከአጥንቱ ጥቂት ዱቄት በመሰርሰሪያ ይወሰዳል፣ ዲኤንኤው ይጣራል፣ ይነበባል። የነካው ሰው ዲኤንኤ ቢቀላቀልበትስ? የጥንቱ የሚለይበት ምልክት አለው፤ ቁርጥራጩ አጭር ነው፣ ጫፎቹ ላይም በጊዜ ብዛት የሚመጣ የተለመደ ጉዳት ይታያል።

ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2019 ኔቸር ኮሚዩኒኬሽንስ በተባለው መጽሔት ወጣ። ሥራው የህንድ፣ የአሜሪካና የአውሮፓ ተቋማት የተባበሩበት ነው፤ ከሃርቫርድ ኤይዲን ሃርኒና ዴቪድ ራይክ፣ ከህንድ ደግሞ ኒራጅ ራይና ኩማራሳሚ ታንጋራጅ ከመሪዎቹ መካከል ናቸው። የ38 ሰዎችን ዲኤንኤ አነበቡ፤ 23 ወንዶች፣ 15 ሴቶች። ሰዎቹም ሦስት ቦታ ተከፈሉ።

23ቱ የደቡብ እስያ ሰዎች ናቸው። እዚህ ላይ የሚያስደንቅ ነገር የለም፣ ህንድ ውስጥ ህንዳውያን ተገኙ። ግን እነሱም ቢሆኑ ከአንድ መንደር ወይም ከአንድ ጎሣ የመጡ አይመስሉም፤ ዛሬ በክፍለ አህጉሩ ውስጥ የምናየው ልዩ ልዩነት በእነሱም ውስጥ አለ። አንድ ሰው ብቻውን ከደቡብ ምሥራቅ እስያ ነው፤ ዘሩ ወደ ማላይና ወደ ቬትናም ሕዝቦች የቀረበ። የቀሩት 14 ግን ከምሥራቅ ሜዲትራኒያን ናቸው። ዛሬ ካሉ ሕዝቦች በጣም የሚቀርቧቸው የግሪክና የቀርጤስ ደሴት ሰዎች ናቸው።

ደግማችሁ አንብቡት። ሂማላያ ላይ፣ ከ5,000 ሜትር በላይ፣ ግሪክን የሚመስሉ አሥራ አራት ሰዎች። ወንዶችም ሴቶችም። ከ38ቱ መካከል ደግሞ የቅርብ ዝምድና ያላቸው ሁለት ሰዎች አልተገኙም፤ አባትና ልጅ የለም፣ ወንድምና እህት የለም። ተመራማሪዎቹ የበሽታ አምጪ ባክቴሪያ ዲኤንኤም ፈልገው አላገኙም።

ጥያቄው ወዲያው ወደ ዕድሜያቸው ይዞራል። ሬዲዮካርቦን የሚሠራበት መንገድ ቀላል ነው። በሕይወት እስካለን በምንበላው በኩል ካርቦን 14 የሚባለውን ጨረር አመንጪ ካርቦን በትንሹ እንቀበላለን። ስንሞት መቀበሉ ያቆማል፣ ያለው ብቻ በታወቀ ፍጥነት ይጎድላል፤ በ5,730 ዓመት ግማሹ ያልቃል። የቀረውን መለካት የሞቱበትን ዘመን ይነግራል። እንግዲህ ሲለካ ደቡብ እስያውያኑ በሙሉ እ.ኤ.አ. ወደ 800 አካባቢ ሆኑ። ያም ቢሆን ዕድሜያቸው ተበታትኗል፤ ከ7ኛው እስከ 10ኛው ክፍለ ዘመን ባለው ጊዜ ውስጥ ይወድቃል፣ ሁሉንም በአንድ ቀን ሞት ማጠቃለል አይቻልም። አሥራ አራቱና ያ ብቸኛው ሰው ደግሞ እ.ኤ.አ. ወደ 1800 አካባቢ የሞቱ ናቸው። በሁለቱ መካከል ሺህ ዓመት አለ! ለኋለኞቹ ቁርጥ ያለ ዓመት የማይሰጠው ላለፉት ጥቂት መቶ ዓመታት በአየር ውስጥ ያለው ካርቦን 14 ከፍ ዝቅ ሲል ስለቆየ ነው፤ አንድ ልኬት ከ17ኛውም ከ19ኛውም ክፍለ ዘመን ጋር ሊገጥም ይችላል።

ከሁሉ የምወደው ማስረጃ ግን የምግቡ ነው፤ ለእኛ እንጀራ በሎች ደግሞ ለማስረዳት ይቀላል። ተክሎች ከአየር ካርቦን የሚወስዱባቸው ሁለት ዋና መንገዶች አሉ። ስንዴ፣ ገብስ፣ ሩዝ፣ ባቄላ በአንደኛው መንገድ ይሄዳሉ። ጤፍ፣ ማሽላ፣ በቆሎ፣ ዳጉሳ በሌላው። የሁለተኛው ወገን ተክሎች ካርቦን 13 የሚባለውን ከበድ ያለውን ካርቦን በርከት አድርገው ያስቀራሉ፣ ያም ወደሚበላቸው ሰው አጥንት ይገባል። አጥንት ሳናውቀው ቀስ በቀስ የሚታደስ ነገር ነውና የአዋቂ ሰው አጥንት የመጨረሻዎቹን አሥር ምናምን ዓመታት ምግቡን ይመዘግባል ማለት ነው። ዕድሜ ልኩን ጤፍ የበላ ጎጃሜና ዕድሜ ልኩን ስንዴ የበላ ጣሊያን አጥንታቸው ተለክቶ ይለያል፤ ስማቸውን፣ አገራቸውን ማወቅ አያስፈልግም።

በሂማላያ እግር ሥር ያሉ ገበሬዎች ከስንዴና ሩዝ ጋር ዳጉሳና ሌሎች ደቃቅ እህሎች ያመርታሉ። (ዳጉሳ ከእኛው ከምሥራቅ አፍሪካ ደጋ በጥንት ዘመን ወደ ህንድ የተሻገረ እህል ነው፤ ይህ ራሱን የቻለ ሌላ ድንቅ ታሪክ ነው።) የመጀመሪያዎቹ 23 ሰዎች አጥንት ይህን ድብልቅ ያሳያል፤ አንዱ ደቃቅ እህል በብዛት በልቷል፣ ሌላው በትንሹ፣ ከተለያየ አካባቢና ኑሮ እንደመጡ ሰዎች። የአሥራ አራቱ አጥንት ግን ወደ ስንዴና ገብሱ ወገን ተሰብስቧል፣ ደቃቅ እህል ብዙም አልቀመሱም። ዲኤንኤው፣ ዕድሜው፣ ምግቡ፣ ሦስቱም ለየብቻ ተለክተው ሰዎቹን በአንድ ዓይነት መንገድ ከፈሏቸው። ዲኤንኤው ብቻውን ቢሆን ኖሮ ናሙና ተምታቶ ይሆናል እንል ነበር፤ ሦስት የማይገናኙ ልኬቶች ሲስማሙ ግን ይህን ማለት አይቻልም።

ታዲያ እነማን ናቸው? ለብዙ ሰው መጀመሪያ የሚመጣለት ታላቁ እስክንድር ነው። ጦሩ ህንድ ዳር ደርሷል፣ ከእሱ በኋላም የግሪክ ነገሥታት በሰሜን ምዕራብ ህንድ ገዝተዋል፤ የእነሱ ተወላጆች ቢሆኑስ? አይሆንም። ከእስክንድር እስከ 1800 ድረስ ሁለት ሺህ ዓመት አለፈ። ያን ያህል ዘመን እዚያ የኖረ ሕዝብ ከጎረቤቱ ይጋባል፣ ያም በዲኤንኤው ላይ ይታያል፤ አሥራ አራቱ ግን የህንድ ቅልቅል አልታየባቸውም። የምግባቸው ነገርም ከሌላ ቦታ ለመጣ ሰው ይቀርባል። እንግዲህ የቀረው፣ በ18ኛው ወይም በ19ኛው ክፍለ ዘመን ገደማ፣ በጊዜው በኦቶማን መንግሥት ሥር ከነበረው ከምሥራቅ ሜዲትራኒያን የመጡ ሰዎች ናቸው የሚለው ነው። ለምን መጡ? ለነጋዴ መንገዱ አይደለም። ለናንዳ ዴቪ ሊሳለሙ እንዳንል የሂንዱ እምነት በዚያ ወገን አልነበረም። ጋርዋል የተባለውን ያን አካባቢ እ.ኤ.አ. ከ1804 ጀምሮ የኔፓል ጉርካዎች፣ ከ1815 በኋላ ደግሞ እንግሊዞች ይዘውታል። እንግሊዞች ደግሞ የሚጽፍ መንግሥት ነበራቸው፤ እንዲህ ያለ የውጭ ሰዎች ቡድን ተራራ ላይ አለቀ የሚል መዝገብ ግን እስካሁን አልወጣም።

የበረዶው ማዕበልስ? እኔ እንደሚመስለኝ አልሞተም፣ ጠበበ እንጂ። አናታቸው የተመታው ሰዎች እውነት ናቸው፤ ከመጀመሪያዎቹ መካከል የተወሰኑት አንድ ክፉ ቀን በረዶ ወርዶባቸው ይሆናል። ሁሉንም ሙታን ለመሸከም ግን አይችልም። በዚያው አካባቢ ባሉ ቤተ መቅደሶች ከ8ኛው እስከ 10ኛው ክፍለ ዘመን የተቀረጹ ጽሑፎች ጉዞው ያኔም እንደነበረ ይጠቁማሉ። ስለዚህ ከሩቅም ከቅርብም የተሰባሰቡ፣ የማይዛመዱ ወንዶችና ሴቶች ተሳላሚዎች፣ በየዘመኑ ጥቂት ጥቂት እያሉ በዚያ ከፍታ ቀሩ ማለት ለመጀመሪያው ቡድን የሚያስኬድ መልስ ነው። ተረቱም ባዶ አልነበረም፤ ብዙ የመንገድ ሞት ወደ አንድ ንጉሥና ወደ አንድ ቀን ተሰብስቦ ይሆናል።

ሐይቁ ይህን ሁሉ ያደበላለቀው ደግሞ በተፈጥሮው ነው። እዚያ ቁፋሮ ስታደርጉ ከላይ አዲሱ፣ ከታች አሮጌው ብሎ የተደራረበ አፈር የለም። የድንጋይና የበረዶ ናዳ ቁልቁል ይነዳዋል፣ በረዶው ሲረጋና ሲቀልጥ ይገፋዋል። በዚህ ላይ ሰው አለ። ተራራ ወጪዎች አጥንቱን ሰብስበው ከምረው ፎቶ ይነሳሉ፣ ከዚያም የከፋው የራስ ቅል ለማስታወሻ ይዘው የሚወርዱ ነበሩ። ይህን በቀላሉ አላየውም። የተወሰደው ቅል የአንድ ሰው ነው፤ ከአሥራ አራቱ የአንዷ ቢሆን ማንነቷን ለማወቅ የነበረው ዕድል ሻንጣ ውስጥ ገብቶ ሄደ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 የግዛቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ለሣር ምድሩ ሲል በከፍተኛ ተራራ ሜዳዎች ላይ ድንኳን ተክሎ ማደርን ከለከለ፤ የሩፕኩንድ ጉብኝትም አብሮ ቀዘቀዘ። ለአጥንቶቹ ተብሎ የወጣ ባይሆንም ለእነሱም በጅቷል።

ከመቶዎቹ የተነበበው የ38 ሰው ብቻ ነው፣ አራተኛና አምስተኛ ቡድን ቢኖርስ የሚለው ጥያቄ አለ። እኔ ግን ከሁሉ በፊት እንዲለካ የምመኘው ጥርስ ነው። አጥንት የኋላ ዘመናችንን ሲመዘግብ፣ የጥርስ ሽፋን ግን በልጅነት ከተሠራ በኋላ አይታደስም፤ ሰውየው ሕፃን ሳለ የጠጣው ውሃና ያደገበት አፈር ኬሚካላዊ አሻራ እንደታተመበት ይኖራል። አጥንቱ ስለተበታተነ ጥርስን ከጭን ጋር አገናኝቶ የአንድ ሰው ነው ማለት አይቻልም፤ ስለዚህ ዲኤንኤውም ልኬቱም ከዚያው ከአንዱ ጥርስ መወሰድ አለበት። ዲኤንኤው የሜዲትራኒያን የሆነ አንድ ጥርስ ቢገኝና ሽፋኑ ቢለካ፣ ባለቤቱ ባሕር ዳር ተወልዶ በጎልማሳነቱ የመጣ ይሁን ወይም እስያ ውስጥ የተወለደ የስደተኛ ልጅ፣ ያ ጥርስ ይለየዋል።